ትምህርት ቤቶች የልጆቻችንን ፎቶ ከማውጣታቸው በፊት ይጠይቁን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ሳነብ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ገና የመጀመሪያዬ ነው። ተናድጄ የጻፍኩት ስለሆነ ሻከር ያለ ቦታ ካገኛችሁ አለስልሱት። የሕግ አንቀጾቹን ግን አትቁረጡብኝ፤ ብዙ ወላጅ የማያውቃቸው እነሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አምና ከአፀደ ሕፃናት ተመረቀች። ያው እንደምታውቁት የዘንድሮ ልጆች ኬጂ ሲጨርሱም ጋዋን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ነው። ትምህርት ቤቱ ፎቶ አንሺ አምጥቶ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነሳ። የፎቶውንም የጋዋኑንም ከፈልን። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ማንንም ሳይጠይቅ የሁሉንም ልጅ ፎቶ ከነሙሉ ስሙ፣ ከነዕድሜው፣ ከነክፍሉ በፌስቡክ ገጹና በቴሌግራም ቻናሉ ለቀቀው። ለማስታወቂያ ነው። ክረምት ላይ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲያፈላልግ እንዲያይለት።

ከወራት በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ መጣች። "ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለችኝ። አየሁት፤ ልጄ ናት። ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ቆቧ ትንሽ ዘመም እንዳለ። ከሥሩ ግን የማላውቀው ስም ተጽፏል። ሕፃኗ የልብ ሕመምተኛ እንደሆነች፣ ውጭ አገር ካልታከመች እንደማትተርፍ፣ ወገን እንዲደርስላት ይለምናል። ከጎኑ አልጋ ላይ የተኛ፣ ፊቱ በኦክስጅን ጭምብል የተሸፈነ የሌላ ልጅ ፎቶ ተለጥፏል። ጭምብሉ ስላለ ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ አታላዩም የመረጠው ለዚያ መሆን አለበት። ታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። ኮሜንቱ ደግሞ "እግዚአብሔር ይማርሽ የኔ ቆንጆ" እና "የአቅሜን ልኬያለሁ" በሚሉ ቅን ሰዎች ተሞልቷል።

ልጄ እኮ ጤነኛ ናት፣ ተመስገን። እዚያ ስክሪን ላይ ግን ልትሞት ነበር። እናት የሆናችሁ ይህን ማየት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድን፤ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ፖስቱን ሪፖርት እንዲያደርግ ለመንን፤ ገጹ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ያው ፎቶ፣ ያው ጽሑፍ፣ ሌላ የሒሳብ ቁጥር ይዞ በሌላ ገጽ ብቅ አለ። ቴሌግራም ላይ ማን ለማን እንዳስተላለፈው ማወቅ አይቻልም። ሼር ያደረጉት አብዛኞቹ ክፋት የላቸውም፤ አዝነው ነው። ሪያድ ያለችው የቤት ሠራተኛም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የታክሲ ሾፌርም ከላቡ ቆንጥሮ ይልካል፣ ምክንያቱም የአገሩ ልጅ ፊት አንጀቱን ይበላዋል።

ሌባው መቼም ሌባ ነው፤ እሱን ለፖሊስ ትቼዋለሁ። እኔ መናገር የምፈልገው ዕቃውን አዘጋጅቶ፣ ጠቅልሎ፣ ስም ለጥፎበት በር ላይ ስላስቀመጠለት ትምህርት ቤት ነው። አታላዩ ምን ያስፈልገው ነበር? የምታሳሳ ልጅ፣ ጥራት ያለው ፎቶ፣ ዕድሜዋ። ሦስቱንም በአንድ ቦታ አገኘ። የትምህርት ቤቱን ዓርማ ከጥግ ቆርጦ ማውጣት ብቻ ነበር የቀረው።

ርዕሰ መምህሩን ሳነጋግራቸው ትሁት ሰው ናቸው፣ ሻይም ጋበዙኝ። መልሳቸው ግን "ሁሉም ትምህርት ቤት የሚያደርገው ነው፣ ደግሞም ደስ የሚል ነገር ነው" የሚል ነበር። ፎቶውን እንዲያወርዱት ስጠይቅ የልጄን ብቻ አወረዱ። የሌሎቹ ልጆች እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልናገር። አብዛኛው ወላጅ የትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ያለነው እኛ ብቻ ነን ብሎ ያስባል። የራሱ መጠሪያ ያለው ፐብሊክ ቻናል ከሆነ ግን ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ፈልጎ ያገኘዋል። አባል መሆንም አያስፈልገውም። እንዲያውም ቴሌግራም ጭራሽ የሌለው ሰው በኢንተርኔት ማሰሻ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ሊያየው ይችላል። ፌስቡክም ላይ የመሬት ሉል ምልክት ያለበት ፖስት ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ "ለወላጆች ነው የለጠፍነው" ሲሉ እውነት አይደለም፤ የለጠፉት ለሁሉም ነው። ወላጆች እግረ መንገዳቸውን አዩት እንጂ።

ፎቶው ብቻ ደግሞ አይደለም። ዩኒፎርሙ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም አለ። ከሥር የልጁ ስም አለ። ገጹ ላይ ሰፈሩና ስልኩ አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ልጄ ማን እንደምትባል፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ ከሰዓት በኋላ በየትኛው በር እንደምትወጣ ቤቱ ተኝቶ ማወቅ ይችላል። ልጆችን "የማታውቁት ሰው ሲጠራችሁ እንዳትሄዱ" እንላቸዋለን አይደል? በስሟ ከጠራት፣ የመምህርቷንም ስም ከነገራት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሰው እንደማታውቀው በምን ትለየው?

"አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ" ያሉኝ አሉ። አንዷ ጓደኛዬ "ፎቶ አይበላ" ብላ ሳቀችብኝ። ይሁን። ግን የኛ እናቶች አራስ ልጅ ወንድ ከሆነ እስከ አርባ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ፣ ለባዕድ ዓይን አያሳዩም ነበር፤ የሰው ዓይን ይበላል የሚለውን እመኑትም አትመኑትም፣ ልጅን ማን እንዲያይ የሚወስነው ቤተሰቡ ነበር። አሁን ገና እትብቱ ሳይደርቅ ከማዋለጃ ክፍል ላይቭ የሚገባ አለ። ከሁለቱ ማን እንዳካበደ እናንተ ፍረዱ።

ገንዘብ ማጭበርበሩ እኮ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚከተለው ነው፤ እየከበደኝም ቢሆን ልጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2023 በስፔን አልሜንድራሌሆ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ተራ ፎቶ፣ ልብስ የለበሱበት፣ ከማኅበራዊ ገጻቸው ተወስዶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ራቁታቸውን እንዲመስል ተደርጎ በስልክ ተበተነ። ከሃያ በላይ ልጆች ናቸው። ያደረጉትም ልጆች ነበሩ፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት 15 ታዳጊዎችን ጥፋተኛ ብሏል። ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተር መማር አያስፈልግም፣ አፕሊኬሽኑ ሁሉን ይጨርስላቸዋል። ስለዚህ "የኔ ልጅ ፎቶ ጨዋ ነው፣ ምን ይሠሩበታል" የሚለው መልስ አብቅቶለታል። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ የገባው ገብቶታል።

አሁን ወደ ሕጉ። ሰዉ ሁሉ "እኛ አገር ሕግ የለም" ይላል። አለ! እንዲያውም ከኢንተርኔት በፊት ጀምሮ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ፣ ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ ባለፎቶው ይህ ነገር እንዲቆምለት መጠየቅ፣ ካሣም መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። በመካከል ያለው አንቀጽ 28 የሚፈቅዳቸው ነገሮች አሉት፤ ታዋቂ ሰው ከሆነ፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ከሆነ፣ በአደባባይ የተደረገ ሥነ ሥርዓት ከሆነ እና የመሳሰለው። ትምህርት ቤቱ "ምረቃው ሥነ ሥርዓት ነው" ብሎ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይሞክር ይሆናል። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን በር ላይ ዘበኛ ቆሞ፣ በመጥሪያ ወረቀት ተገብቶ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ወንበር ብቻ ተብሎ የተደረገ ዝግጅት አደባባይ ከተባለ፣ የኔም ሳሎን አደባባይ ነው።

ከዚያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጣ። ማንነትን የሚያሳውቅ መረጃ የሚሰበስብና የሚያሰራጭ አካል በሕግ የሚታወቅ ምክንያት ወይም የባለቤቱ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከነስሙ የተለጠፈ የልጅ ፊት ማንነትን ካላሳወቀ ሌላ ምን ያሳውቃል? ይህን አዋጅ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እስቲ አንድ ቀን ባለሥልጣኑ ለግል ትምህርት ቤቶች በሙሉ አንድ ገጽ ሰርኩላር ይጻፍልን። አንድ ገጽ ይበቃል።

በጣም አስቀያሚ ለሆነውም ጉዳይ ሕግ አለ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12። የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል የሚያዘጋጅ፣ የሚያሰራጭ፣ ይዞ የሚገኝ ሁሉ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የሚገርመው፣ ሕጉ ሕፃን የሚመስል ሰውንም ምስል ይጨምራል። አዋጁ ሲወጣ በማሽን የሚሠራ የሐሰት ምስል እንደ ዛሬው በየስልኩ አልገባም ነበር፤ ቃሉ ግን ለዚህም ጊዜ የሚደርስ ይመስለኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በግሩፕ የደረሳችሁ ሰዎች፣ "ኡኡ ይሄን እዩ" ብላችሁ ለማስጠንቀቅ እንኳን አታስተላልፉት። ገጹን፣ ቀኑንና የላኪውን ስም መዝግባችሁ ፖሊስ ዘንድ ሂዱ። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ራቁት ምስል ከወጣ ደግሞ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። አሜሪካ ያለ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ማዕከል ነው የሚያንቀሳቅሰው። ምስሉን ለማንም አትልኩም። ስልካችሁ ላይ እንዳለ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ይወጣለትና ቁጥሩ ብቻ ይሄዳል፤ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን የመሳሰሉት የሚሳተፉ ድርጅቶች በዚያ ቁጥር ፈልገው ያነሱታል። ቴሌግራም ላይ ለተበተነው ግን በዚህ መንገድ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስል ፎቶ ይቅር ማለቴ አይደለም። አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። ከኛ በላይ ፎቅ የምትኖር አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። እናትየው ዓረብ አገር ናት። ልጇ ሲያድግ ያየችው በኢሞና በዋትስአፕ ነው። የወላጆች ቀን ሲሆን፣ ግጥም ሲያነብ፣ ጥርሱ ሲወልቅ፣ ሁሉንም በስልክ። እሷን "ፎቶ አይላክም" ልንላት ነው? ጭካኔ ነው። ግን የእሷ ልጅ ፎቶ ለእሷ ይላክ እንጂ ለመላው ዓለም ለምን? ትምህርት ቤቱ ለየክፍሉ የተዘጋ ግሩፕ መክፈት ይችላል፤ አስተዳዳሪው የሚያውቀውን ወላጅ ብቻ አረጋግጦ ያስገባል። ቴሌግራም ላይ ቻናሉን ወይም ግሩፑን የሚያስተዳድረው ሰው ፎቶ ማስቀመጥና ወደ ሌላ ማስተላለፍን መከልከል ይችላል፣ በቅንብሩ ውስጥ አለ። በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳ አይጠፋም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አርባ ወላጅ የሚያየውና ማንም የሚያየው አንድ አይደለም፤ አንድ ነገር ቢወጣ እንኳ ከየት እንደወጣ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ለራሳችን ለወላጆችም አንድ ሁለት ነገር ልጣል። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም፤ ከ13 እስከ 15 ላሉት ደግሞ አካውንታቸውን ከጅምሩ እነሱ ለፈቀዱለት ሰው ብቻ የሚታይ ያደርገዋል። እኛ ግን በራሳችን ስምና ዕድሜ ከፍተን ልጁን እናስጨፍርበታለን። ያን ጊዜ መተግበሪያው የሚያየው የ35 ዓመት ሴት ነው፤ ለልጆች የተሠራው መከላከያ በሙሉ ይቀራል። ሰው ቪዲዮውን ያወርዳል፣ ኮሜንት ላይ የማይጻፍ ይጽፋል፣ እኛ ላይክ እንቆጥራለን። ቢያንስ ማውረድን ዝጉት። ፌስቡክ ላይም የድሮ ፖስቶችን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ አማራጭ አለ፣ ፕራይቬሲ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ዋናው የገጽ ፎቶ ግን፣ ያ ከላይ ሰፋ ብሎ የሚታየው፣ ሁልጊዜም ለሁሉም ክፍት ነው፤ የልጆቻችሁን ፊት እዚያ አታስቀምጡ። ሌላው ካሜራው ቦታን መመዝገቡ ነው። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት የቦታው መረጃ ይጠፋል፣ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን የቤታችሁ አድራሻ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከካሜራው ቅንብር ላይ ሎኬሽኑን አጥፉት፣ ተገላገላችሁ።

ለሚለግሱትም እንዲሁ። ልባችሁ ይባረክ፣ ግን ከመላካችሁ በፊት ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ሞክሩት፤ ሌላ ቦታ በሌላ ስም የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያመጣዋል። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ጠይቁ፣ ሆስፒታሉ ደውሉ። እውነተኛ የታመመ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ነው የሚዞረው።

የጎዳና ልጅ ዳቦ ሲቀበል እየቀረጹ ዩቲዩብ ላይ ስለሚጭኑት "በጎ አድራጊዎች" ብዙ ማለት እችል ነበር። ልጁን እናቱ እንዴት እንደሞተች እየጠየቁ ያስለቅሱታል፤ እንባው ላይ ማስታወቂያ ይገባል። የዚያ ልጅ ትምህርት ቤት የለ፣ ርዕሰ መምህር የለ፣ ሄዶ የሚከራከርለት የለ። የኔ ልጅ እኔ አለሁላት። ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ እዚህ ላይ አቆመዋለሁ።

ለእናንተም፣ ውድ አዘጋጆች፣ አንድ ነገር አለኝ። ስለ ትምህርት ክፍያ ጭማሪ ስትጽፉ የተማሪዎች ፊት ጉልህ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ ታወጣላችሁ። ልጆቹ ስለ ክፍያው ምን ያውቃሉ? ከኋላ አንሷቸው፣ ወይ ቦርሳቸውን፣ ወይ ባዶውን ክፍል። ልጅ ጠፋ ብላችሁ ያወጣችሁትንም ልጁ ሲገኝ ከድረ ገጻችሁ አንሱት፤ ያ ልጅ አድጎ ሥራ ሲፈልግ ስሙ ሲጻፍ የሚመጣው "የጠፋው ሕፃን" እንዳይሆን።

የኔ ጥያቄ ትልቅ አይደለም። በምዝገባ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የልጄ ፎቶ ለተዘጋው የክፍል ግሩፕ ይላክ፣ ወይም ለሕዝብ ገጽም ይውጣ፣ ወይም ጭራሽ አይነሳ፤ ወላጅ አንዱን መርጦ ይፈርም። ሐሳቡን በማንኛውም ጊዜ ቢቀይር ፎቶው ይውረድ። ለሕዝብ ይውጣ ያለ ወላጅም ቢሆን የልጁ ሙሉ ስም ከፎቶው ጋር አይጻፍ። እኛ የክፍሉ ወላጆች ይህንኑ በወረቀት ጽፈን፣ ተፈራርመን ለትምህርት ቤቱ አስገብተናል። "በቦርድ ይታያል" ተብሏል። የነሐሴ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መልስ ካልመጣ፣ ያው ወረቀት ከነፊርማችን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይገባል። ግልባጩን ለእናንተም እልካለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከየካ
(ስሜና ስልኬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ፤ እንዳታወጡት። የኔ ስም ከወጣ የልጄም ይታወቃል።)